ለአሮጌ ቮልስ የትኛው ሾክ አብዞርበር ይሻላል?

ቮልስዎ ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ እንደ ጀልባ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ፍሬን ሲይዙም ፊቱ ወደ መሬት የሚደፋ ከሆነ ሾክ አብዞርበሩ አልቋል። ለማረጋገጥ አንዱን ጥግ በእጅ ተጭነው ይልቀቁት። ተመልሶ ቀጥ ማለት ሲገባው ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ብዙ ባለቤቶች ጠንካራውንና ውዱን መግዛት ብልህነት ይመስላቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቮልስ 800 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ የሚመዝን ቀላል መኪና ነው። በአብዛኞቹ ላይ ክብደቱን የሚሸከሙትም ቱቦ ውስጥ ተኝተው የሚጠመዘዙ የብረት ዘንጎች ናቸው፤ የሾክ አብዞርበሩ ሥራ ውዝዋዜውን መግታት ብቻ ነው። ስለዚህ የወረደ ቮልስን ከፍ ለማድረግ ብሎ ሾክ አብዞርበር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይጥላል።

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት የፊቱን እግር ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። እስከ 1965 አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ላይ የፊቱ ሾክ አብዞርበር በሁለቱም ጫፍ ቀለበት አለው። ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ የላይኛው ጫፍ ዳዶ የሚታሰርበት ጥርስ ያለው ዘንግ ነው። ከ1970 ነሐሴ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወጣው 1302 የተባለው ሞዴል እና ተከታዩ 1303 ደግሞ ፊት ለፊት ሞላ የተጠመጠመበት ፈጽሞ ሌላ ዓይነት አላቸው። ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አይመኑ፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የፊት እግሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድን የሚተካ ነገር የለም።

ከሁሉ ርካሹ አሮጌውን አስከፍቶ ዘይት አስሞልቶ በብየዳ ማስዘጋት ነው። እኔም አንድ ጊዜ አስደርጌዋለሁ፤ ብዙ ሳይቆይ ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ መውረድ ጀመረ፣ በመጨረሻም አዲስ ገዛሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዘይቱ ቢታደስም ያለቀው ቫልቭና ዘይት የሚያግደው ጎማ እዚያው ናቸው። ግራና ቀኙም እኩል አይሆኑም። ከፈረሰ መኪና ላይ የተፈታውንም ይተዉት።

አዲስ የዘይት ሾክ አብዞርበር፣ ለምሳሌ ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት እንደመጣው የቦጌ ዓይነት፣ ለስላሳና ለዚህ መኪና ልክ የሆነ ነው። ድክመቱ የሚታየው ረጅም ኮረኮንች መንገድ ላይ ነው፤ ዘይቱ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ይሠራል፣ መኪናውም መወዛወዝ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ብዙም ለማይወጣ ቮልስ ግን ከዚህ በላይ ማውጣት አያስፈልግም።

ቅዳሜና እሑድ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ጥቂት ጨምሮ አነስተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላበትን ባለ ሁለት ቱቦ (አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ያለበትን) ቢገዛ እመርጥለታለሁ። የጃፓኑ ካያባ ኩባንያ ኤክሰል ጂ ከዚህ ወገን ነው። ጋዙ ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ይጫነዋል እንጂ መኪናውን አያደነድነውም። ለእኔ የዋጋና የጥቅም ሚዛኑ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው።

ባለ አንድ ቱቦው የጋዝ ሾክ አብዞርበር ግፊቱ ከ20 ባር በላይ ነው። ለከባድ መኪና ድንቅ ሥራ ነው፤ ሙቀት አይበግረውም። ቮልስ ላይ ሲታሰር ግን እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ወገብ ያደርሳል። ዘንጉ በኃይል ወደ ውጭ ስለሚገፋም የመኪናውን ኋላ በጥቂቱ ያነሣል። የቀድሞዎቹ ቮልሶች የኋላ አክስ ላይ ደግሞ ኋላው ሲነሣ የጎማዎቹ አናት ወደ ውጭ ይጋደላል፤ ይህ ኩርባ ላይ የሚፈለግ ነገር አይደለም። በተጨማሪ ፒስተኑ የሚሄደው በቀጥታ በውጭኛው ቱቦ ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ድንጋይ ቱቦውን ካጎደጎደው ሾክ አብዞርበሩ አለቀለት።

የሆላንዱ ኮኒ ጥንካሬው የሚስተካከል በመሆኑ እያረጀ ሲሄድ ማጥበቅ ይቻላል። ዋጋው ግን የተራውን ብዙ እጥፍ ነው፤ በርካሽ ለመጠገን ለወጣ ሰው አይሆንም።

ሲገዙ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ከአዲስ ጎሚኒ (ቀለበቱ ውስጥ ከሚገባው ጎማ) ጋር ይግዙ። ሱቁ ውስጥ ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፍተው ይልቀቁት፤ ካርቶኑ ላይ ጋዝ ተብሎ ተጽፎ ዘንጉ በራሱ ቀስ ብሎ ካልተመለሰ አይውሰዱት። ባለ ሁለት ቱቦው ከመታሰሩ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ አምስት ስድስት ጊዜ ይሳብ፣ ይገፋ፤ ተኝቶ በቆየበት ጊዜ የገባው አየር ይወጣል። ቀለበቶቹ ላይ ያሉት ብሎኖችም የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ሲቆም ነው፤ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።