ለጨርቅ ቀለም መለኪያ የትኛው ይገዛ፦ ከለሪሜትር ወይስ ስፔክትሮፎቶሜትር?

ኮምቦልቻ ላይ ጨርቅ የሚያቀልም ወይም ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት «ቀለሙ ከናሙናው ጋር አይገጥምም» መባሉ አይቀርም። ይህን ክርክር የሚዘጋው ቁጥር ነው፤ ቁጥር የሚሰጡት መሣሪያዎች ግን እኩል አይደሉም።

ከለሪሜትር ርካሽና ትንሽ ነው። ከጨርቁ የተመለሰውን ብርሃን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ አሳልፎ ሦስት ቁጥር ያወጣል። የዛሬው ጥቅል ከትናንቱ ጋር ይቀራረብ እንደሆነ ለማየት ይበቃል። በቀን ብርሃን አንድ መስለው በሱቅ መብራት የሚለያዩ ሁለት ጨርቆችን ግን ለይቶ አይነግርዎትም።

ስፔክትሮፎቶሜትር ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን በየ10 ናኖሜትሩ ከፋፍሎ 31 ቦታ ላይ ይለካል። ከዚያ ተነስቶ ጨርቁ በቀን ብርሃን (ዲ65)፣ በሱቅ ፍሎረሰንት (ቲኤል84) እና በቤት አምፖል (ኤ) ምን እንደሚመስል ያሰላል። የማቅለሚያ ቅመራ የሚያወጣ ሶፍትዌርም ይህን ልኬት ይፈልጋል። ቅመራ የሚሠራ ሰው ከለሪሜትር ቢገዛ ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው።

በእጅ የሚያዘው ወይስ የጠረጴዛው? ለባለ ቀለም ጨርቅ የእጁ ጥሩ ነው፤ መብራት ቢጠፋም በባትሪ ይሠራል። ነጭ ጥጥ ላይ ነው ጉዳዩ የሚለወጠው። ነጭነቱን የሚያደምቀው ኬሚካል የማይታየውን አልትራቫዮሌት ውጦ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያወጣ፣ የመሣሪያው መብራት አልትራቫዮሌት ከሌለው ጨርቁን ከእውነቱ ያነሰ ነጭ አድርጎ ያሳያል። ነጭ የሚልክ ድርጅት የአልትራቫዮሌቱ መጠን የሚስተካከል የጠረጴዛ መሣሪያ ይግዛ። ለሸካራ ሽመናና ለፎጣ ደግሞ 25 ሚሊሜትር ያህል ሰፊ የመለኪያ ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ፤ በ4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ክሩን እንጂ ጨርቁን አይለኩም።

የመሣሪያው ጥፋት የሚመስለው ብዙው ስህተት የአለካክ ነው። ስስ ጨርቅ ከኋላው ያለውን ያሳያል፤ 4 ድርብ እንዲሆን አጥፈው ይለኩ፣ በጣም ስስ ከሆነ ቁጥሩ መለወጥ እስኪያቆም ይጨምሩ። ጨርቁን በ90 ዲግሪ እያዞሩ 4 ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ። ከማድረቂያ የወጣ ትኩስ ጨርቅ ቀለሙ ገና አልረጋም፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ65 በመቶ እርጥበት ይረፍ። ቀይና ብርቱካናማ በሙቀት ይበልጥ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ብርዳማዋ ደሴ ላይ የተለካን ናሙና ሞቅ የምትለው ኮምቦልቻ ላይ በሞቀ አዳራሽ ከተለካው ጋር ማወዳደር ያጣላል።

የሁለት ቀለሞችን ልዩነት በቁጥር በሚያወጣው ቀመርም ላይ ከገዢው ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ሲኤምሲ 2፡1 እና ሲኢኤላብ የተባሉት ቀመሮች ለአንድ ጥንድ ጨርቅ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፤ «ከ1 አይብለጥ» ብቻ የሚል ውል ጉድለት አለበት።

ያገለገለ ከገዙ መጀመሪያ ማስተካከያውን ነጭ ሴራሚክ ይመልከቱ። በላዩ የተጻፈው መለያ ቁጥር ከመሣሪያው ካልገጠመ ወይም ፊቱ ከተጫረ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ አይውሰዱ።