ከመርካቶ የገዛኋት ቢጫ ቮልስ ሮቦት ስትሆን

ሠላሳ አንድ ዓመት ቮልስ ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላው ከመርካቶ የገዛሁለትን ታጣፊ አሻንጉሊትም የምመዝነው በዚያው ዓይን ነው። ቢጫ ናት፤ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ከፊት መከላከያዋ እስከ ኋላዋ ስለካት ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ሆነች። 1,450 ብር ከፍያለሁ። ሳጥኑ ላይ የሠሪው ስም የለም፤ መልኳን ያየ ግን ከየት እንደተቀዳች ወዲያው ያውቃል።

ምንጯ ባምብልቢ የሚባለው ሮቦት ነው። የአሜሪካው ሃስብሮ፣ ታካራ ከተባለው የጃፓን አሻንጉሊት ሠሪ የወሰዳቸውን ታጣፊ ሮቦቶች ትራንስፎርመርስ ብሎ በ1984 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ ከትንንሾቹ አንዱ ቮልስ የሚሆነው ባምብልቢ ነበር። በቢጫም በቀይም ይሸጥ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ላይ ሼቭሮሌት ካማሮ አደረጉት፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ደግሞ ወደ ቮልስነቱ መለሱት። ልጄ የመጀመሪያውን ፊልም ሲያሳየኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ካማሮ መጥፎ መኪና ሆኖ አይደለም። ማዕዘን ያለውን ነገር ቆርጦ ማጠፍ ቀላል ነው። ቮልስ ግን ከየትም ቢያዩአት ክብ ናት፤ እሷን ሰንጥቆ ሰው ማቆም፣ ከዚያም መልሶ ክብነቷን ሳያጎድል መግጠም ነው ንድፍ የሚባለው።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ቮልስ ተራ መኪና አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥታለች፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ዛሬም በየሰፈሩ ጠዋት ጠዋት ድምፅዋ ይሰማል። ስለዚህ ቮልስ ነኝ የሚል አሻንጉሊት መጀመሪያ ቮልስ መሆኑን ያሳየኝ።

ከሳጥኑ እንዳወጣኋት ያየሁት ኋላዋን ነው። ቮልስን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ሠሪ የሚሳሳተው እዚያ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩን የምትስበውም ከኋላ መስታወቷ ሥር ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ነው። ይህቺ መዳፍ የማትሞላ ቮልስ እነዚያ ክፍተቶች አሏት። መነጽሬን አድርጌ ጥፍሬን ሳሳልፍባቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አንድ በአንድ ተሰሙኝ። አራቱ ፓራፋንጎዎች ከአካሏ ተለይተው አብጠዋል፤ በሮቿ ሥር መርገጫው አለ። ኋላዋ ለሁለት ተከፍሎ እግር ስለሚሆን የግድ ስንጥቅ ይኖረዋል፤ ስንጥቁን ግን በሞተሩ ክዳን መሃል ለመሃል፣ የታርጋው መብራት ባለበት ጉብታ በኩል አሳልፈውታል። ከአንድ ክንድ ርቀት አይታይም። ይህን የወሰነ ሰው እውነተኛዋን መኪና ቆሞ አይቷታል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሮቦትነት ስትለወጥ የኋለኛው ግማሽ ሲጎተት ቋ ብሎ ይለቅና ለሁለት ይከፈላል። የኋላ ፓራፋንጎዎቹ ባት ይሆናሉ፤ የሞተሩ ክዳን ግማሾች ታጥፈው የእግር መዳፍ ይሆናሉ። ክንዶቹ ከሆዷ ሥር ይወጣሉ፤ ጣሪያው ወደ ጀርባ ይገለበጣል፤ የፊት ኮፈኑ ከነመብራቶቹ ደረት ሆኖ ይቀራል። በጣም የወደድኩት ግን ጭንቅላቱ ያለበትን ቦታ ነው። ኮፈኑን ስከፍት እጄ በልማድ ትርፍ ጎማ ይጠብቅ ነበር። ቮልስ ትርፍ ጎማዋን የምትይዘው ከፊት ነው፤ የመስታወት ማጠቢያ ውሃውን እንኳ የሚገፋላት የዚያ ጎማ አየር ነው። እዚህች አሻንጉሊት ውስጥ ጎማው በሚተኛበት በዚያው ጉድጓድ የሮቦቱ ጭንቅላት ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተኝቷል። በአውራ ጣት ከሥር ገፋ ሲያደርጉት ቀና ይላል። ባዶ ቦታ አልባከነም፤ የተጨመረ ሳጥንም የለም። ይህን ክፍል ደጋግሜ ከፍቼ ዘግቻለሁ።

በሮቹ ግን አናደዱኝ። ሮቦቱ ሲቆም ሁለቱም ወደ ጀርባ ተጣጥፈው እንደ ክንፍ ይንጠለጠላሉ፤ ምንም ሥራ የላቸውም። ደረቱ ኮፈን፣ ባቱ ፓራፋንጎ በሆነበት አካል ላይ ሥራ ፈት በር ማንጠልጠል ስንፍና ነው። ክንድ ላይ ገጥመው ጋሻ ቢያደርጉት ምን ነበረበት? ደግሞ ክብደቱን ወደ ኋላ ይስቡታል፤ እግሮቹን በርከክ ካላደረጉለት ሮቦቱ በጀርባው ይወድቃል።

የመኪናዋን አቋም በመስታወት ጠረጴዛ ላይ ፈተንኩት። አንደኛው የኋላ ጎማ ከመስታወቱ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ተነሥቶ ነበር፤ ተጋጭቶ የተጣመመ መኪና እንደሚያደርገው። ምክንያቱን ሳስስ ዳሌው ላይ ያለው መቀርቀሪያ ሙሉ በሙሉ አልገባም። ሁለቱን እግሮች በሁለት ጣት ጨምቄ ድምፅ እስኪሰጥ ስገፋ አራቱም ጎማዎች ተቀመጡ። ስለዚህ ልጁ «ጎማዋ ተበላሸ» ካለ መጀመሪያ ዳሌዋን ይጫኑ። ክንዶቹ ሆዷ ሥር ስለተኙ ከመሬት ብዙም ከፍ አትልም፤ ሴራሚክ ላይ ትሮጣለች፣ ምንጣፍ ላይ ሆዷ ይያዛል።

ትልቁ ጉድለት የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የግራ ጉልበቱ ላላ። የጉልበቱ ዘንግ ብረት ነው፤ የሚሽከረከርበት ቀዳዳ ግን ፕላስቲክ ነው፤ ብረት ፕላስቲክን ሲበላ ይህ አይቀርም። በጥቃቅን ካቻቢቴ ብሎኑን ፈትቼ ዘንጉን አወጣሁ፤ ከባለቤቴ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ተዋስኩና ዘንጉን በስሱ ቀባሁት። ሙሉ ሌሊት ደርቆ አድሮ ጠዋት መልሼ ገጠምኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ሮቦቱ በአንድ እግሩ ይቆማል። ቀለሙ ሳይደርቅ መግጠም አይገባም፤ ይጣበቅና ጉልበቱ ይሰበራል።

ሮቦቱ የሚይዘው ሽጉጥ ትንሽ ነው፤ እጁ ላይ በደንብ አይጸናም፤ ሁለት ጊዜ ሶፋ ሥር ፈልገነዋል። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ያለበት ቤት ሽጉጡን ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት፤ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀረቀር መጠን ነው።

የልጅ ልጄ መጀመሪያ ቀን ከእኔ ጋር ሆኖ ግማሽ ሰዓት የፈጀበትን አሁን ወተቱ እስኪፈላ ይጨርሰዋል። አንድ ቀን «አባባ፣ ሮቦት ሲሆን ሞተሩ የት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። አገላብጬ ፈለግሁለት፤ የለም። እሑድ ጋራዥ ወስጄ የእውነተኛዋን የኋላ ክዳን ከፈትኩለትና ቺንጊያውንና የአየር ማራገቢያውን በጣቱ አስነካሁት። ከዚያ ሮጦ ወደ ፊት ሄደና ኮፈኑን እንድከፍትለት ለመነኝ።

ለእኔ ገንዘቡ አልባከነም፤ ሌላ ልጅ ቢኖረኝም እገዛለታለሁ። ሲገዙ ግን ሻጩ ሳጥኑን እንዲከፍትልዎት ይጠይቁ። ኮፈኑን ሦስት ጊዜ ከፍተው ይዝጉ፤ ጠርዙ ከፓራፋንጎው እኩል ካልተኛ ሌላ ያስወጡ። ሁለቱን ጉልበቶች አጥፈው ይልቀቁ፤ በራሱ የሚወርድ ከሆነ አይውሰዱት። እኔ በሄድኩ ቀን ቀይም ነበር፤ ያየኋቸው ሁለቱም ቀዮች ኮፈናቸው አልገጠመም፤ ቢጫዋ ግን በመጀመሪያው ገጠመች።