ስኪን ታግን በላስቲክ አስሮ የሚያወርደውን ኪት ሞከርኩት

አንገቴ ላይ አራት፣ ብብቴ ሥር ሁለት፣ የዓይኔ ቆብ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽዬ ነበሩኝ። ስኪን ታግ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ትርፍ ሥጋ ይለዋል፣ ኪንታሮት የሚለውም አለ። ኪንታሮት ግን አይደለም። ኪንታሮት በቫይረስ የሚመጣ፣ ሻካራና የሚተላለፍ ነው። ስኪን ታግ ለስላሳ ነው፣ በቀጭን ግንድ ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ይህን መጀመሪያ ያነሳሁት ለኪንታሮት የተሠራ አሲድ ስኪን ታጉ ላይ ቀብቶ ዙሪያውን ያለውን ደህና ቆዳ ያቃጠለ ሰው ስለማውቅ ነው።

በራሱ ጉዳት የለውም፤ ቆዳ ከቆዳ ወይም ከልብስ ጋር በሚፋተግበት ቦታ ነው የሚወጣው። የግድ መነሳት አለበት የሚል የለም። እኔን ያማረረኝ የአንገት ሐብሌ ነው። በያዘው ቁጥር ያመኛል፣ አንዴም ደምቶ ኮሌታዬን አበላሽቶታል።

ወደ ኪቱ ልምጣ። ሳጥኑ ውስጥ እስክሪብቶ የሚመስል የፕላስቲክ መሣሪያ፣ ሾጣጣ ጫፍ፣ ጥቃቅን ላስቲኮችና አልኮል የነካ መጥረጊያ አለ። ላስቲኩን በሾጣጣው ላይ አንሸራታችሁ መሣሪያው አፍ ላይ ታስገባላችሁ፣ አፉን ስኪን ታጉ ላይ ትደፋላችሁ፣ ከዚያ ስትገፉት ላስቲኩ ግንዱን ይዞ ይቀራል። ሥጋው ደም የሚያገኘው በዚያ ቀጭን ግንድ በኩል ስለሆነ፣ ደሙ ሲቋረጥበት ይደርቅና ይወድቃል። በክር ከማሰር የተለየ ሐሳብ አይደለም፣ ግን ላስቲኩ እኩል ነው የሚያጠብቀው፣ እየላላም አያስቸግርም።

የመጀመሪያውን በመስታወት እያየሁ ብቻዬን ሞከርኩ። ሁለቴ አመለጠኝ። በመስታወት ውስጥ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባል፣ ስለዚህ ለአንገት ሰው ያስፈልጋችኋል፤ እኔ እህቴን ነው የጠራኋት። እሷ በአንድ ጊዜ አስገባችው። የመጀመሪያው ቀን ቁንጥጥ የሚያደርግ ሕመም ነበረው፣ ማታ በዚያ ጎን መተኛት አልቻልኩም። በማግስቱ አብጦ ወደ ሐምራዊ ሄደ። በአራተኛው ቀን ጠቆረ። በስምንተኛው ቀን ስታጠብ ወደቀ። ትንሽ ቀላ ያለ ቦታ ቀረ፣ ከዚያ ጠቆር ብሎ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ጠፋ። በዚህ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሁለተኛውም እንዲሁ ወደቀ። ሦስተኛውና አራተኛው ግን ግንድ የላቸውም፣ ከሥራቸው ሰፋ ያሉ ናቸው፣ ላስቲኩ የሚይዘው ነገር አጥቶ እየተንሸራተተ ይወጣል። ሳጥኑ ላይ ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር ላለው ይሠራል ይላል እንጂ ስለ ግንዱ አንድም ቃል የለም፣ ዋናው ነገር ግን እሱ ነበር። ብብቴ ሥር ያሉት ላይ ላስቲኩ ተይዞ ነበር፣ ግን ላቡና መፋተጉ ዙሪያውን አቀላው፣ በሦስተኛው ቀን ማቃጠል ሲጀምር በትንሽ መቀስ ቆርጬ አወጣሁት። እዚያ ቦታ ዳግም አልሞክርም።

ከዚህ በፊት ደግሞ የሚያቀዘቅዘውን ስፕሬይ ሞክሬ ነበር። ሐኪም ቤት የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይደርሳል፤ የቤቱ ስፕሬይ በሌላ ጋዝ ስለሚሠራ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ሥጋውን ለመግደል ቅዝቃዜው አነሰ፣ ለቆዳዬ ቀለም ግን በዛበት። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ከሌሎቹ ቀድመው በቅዝቃዜ የሚሞቱ ናቸው። ስለዚህ ስኪን ታጉ እዚያው ሆኖ ዙሪያው ነጭ ምልክት ወጣበት፣ እስካሁንም አልጠፋም። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላችሁ ይህን ሳታስቡ እንዳትገዙ።

ቅባቶቹንማ ጭራሽ አትንኳቸው። ዚንክ ክሎራይድ ያለባቸው አሉ፣ ከደህናው ቆዳ ጋር አንድ ላይ የሚያቃጥሉ፣ ጠባሳ የሚተዉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ዓይነት የሚሸጡ ድርጅቶችን በደብዳቤ አስጠንቅቋል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ለስኪን ታግ ማስወገጃ ያጸደቀው መድኃኒት የለም ብሎ።

ኪቱን ለማን እላለሁ? አንገቱ ላይ ቀጭን ግንድ ያለው ትንሽ ስኪን ታግ ላለበትና ስኪን ታግ መሆኑን በሐኪም ላረጋገጠ ሰው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ቁስላችሁ እየወፈረ ጠባሳ የሚሆንባችሁ፣ ተዉት። ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ዳሩ ያልተስተካከለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያድግ ወይም ሳይነካ የሚደማ ከሆነ ደግሞ ላስቲክ አስሮ መጠበቅ አደገኛ ነው፣ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላልና። ሐኪም ሲያወጣው ሥጋውን ላቦራቶሪ መላክ ይችላል፤ ቤት የወደቀው ግን ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው፣ ማንም አያየውም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ከወጣባችሁ የደም ስኳራችሁን ተመርመሩ። ስኪን ታግ ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ መጠቀም ሲያቅተው እየበዛ ይታያል። እኔ ተመርምሬ ደህና ነኝ።

የዓይኔ ቆብ ላይ ያለውን አልነካሁትም። እዚያ ላስቲክም ስፕሬይም አይገባም። አንገቴ ላይ ከቀሩት ሁለቱ ጋር የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤለታለሁ፣ አደንዝዞ በመቀስ ይቆርጠዋል፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው አሉኝ።