ሰፋሪ አሜሪካዊት ቅድመ አያትን ለመፈለግ፦ ፋሚሊሰርች፣ አንሴስትሪ ወይስ የመሬት ፋይል?

በ1800ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጋሪ ወደ ምዕራብ አሜሪካ የሄደችን ሴት ዘር መቁጠር የሚከብደው በስሟ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅም፤ እዚያ የባሏን ትይዛለች፣ ባል ሞቶባት ሌላ ካገባች ስሟ እንደገና ይቀየራል። ስለዚህ አገልግሎቱን በመዝገቡ ብዛት ሳይሆን የአባቷን ስም በማውጣት አቅሙ መዝኑት።

ፋሚሊሰርች የዘር ሐረግ መዛግብት የሚፈለጉበት ነጻ ድረ ገጽ ነው፤ የሕዝብ ቆጠራውን እዚያ ጨርሱ። ከ1850 በፊት የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነበር፤ ሚስት በዕድሜ ረድፍ ውስጥ አንድ ቁጥር ናት። የ1880ው የወላጆቿን የትውልድ ቦታ፣ የ1900ው ስንት ልጅ ወልዳ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይነግራል። የ1890ውን አትፈልጉ፤ አብዛኛው በ1921 ቃጠሎ ሳቢያ ጠፍቷል። ችግሩ የቤተሰብ ዛፉ የጋራ መሆኑ ነው፤ ማንም ስለሚነካካው ሞክሼ ሴቶች ተደባልቀው ይገኛሉ።

አንሴስትሪም የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ነው፣ ግን በክፍያ። ፍለጋው ይመቻል፤ ድረ ገጹ በራሱ የሚያቀርባቸው ፍንጮች ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው ዛፍ የተገለበጡ ስለሆኑ ሰነድ የሌለውን እለፉት። የዓመት ደንበኝነት አይመከርም፤ ጥያቄ አጠራቅሞ የአንድ ወር መግዛት ይበቃል። አሜሪካ ያላችሁ መጀመሪያ የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በነጻ ያስገባሉ።

ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ለመሬት ፋይሉ ነው፤ ይህም ሰፋሪው ከመንግሥት መሬት ሲጠይቅ የተጠራቀመው ሰነድ ነው። ለሰፋሪዎች የመንግሥት መሬት በሰጠው በ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ 21 ዓመት የሞላት ያላገባች፣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት 160 ኤከር በስሟ መያዝ ትችል ነበር። ያገባችውን በባሏ ስም ፈልጉ። በኦሪገን የ1850ው ሕግ ለባልና ሚስት እስከ 640 ኤከር ሲሰጥ ግማሹ የሚስት ነበር፤ ፋይሉ የት፣ መቼ እንደተጋቡ ይይዛል። ያ ቀን ወደ ጋብቻ መዝገቡ፣ መዝገቡም ወደ አባቷ ስም ይወስዳል።

አወጣጡ፦ ከፌዴራሉ የመሬት ቢሮ ነጻ ድረ ገጽ ግዛቱን፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱን፣ የሰነድ ቁጥሩን፣ እንዲሁም መሬቱ ያለበትን ቦታ የሚያሳዩትን የቅየሳ ቁጥሮች (ሴክሽን፣ ታውንሺፕና ሬንጁን) ቅዱ፤ በቅጽ 84 ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ላኩ። ዋጋው ለአንድ ፋይል 50 ዶላር ያህል ነው። የነብራስካ ከሆነች ግን ፋይሉ አንሴስትሪ ላይ ስላለ አትክፈሉ። ቴክሳስ የፌዴራል መሬት ስላልነበራት እዚህ አትገኝም። ድረ ገጹ የሚያሳየው ባለቤትነቱ የጸደቀለትን ብቻ ነው፤ የተሰረዘ ይዞታ ያለው በትራክት ቡክ (የመሬት ጥያቄዎች በየቦታቸው በተመዘገቡበት መዝገብ) ነው፣ እሱም ፋሚሊሰርች ላይ አለ።

ዲኤንኤ መግዛት ካማራችሁ፣ ተራው (በእናትም በአባትም ወገን ያለውን ዘመድ የሚያሳየው) ምርመራ ከአምስት ስድስት ትውልድ በላይ ይደበዝዛል። የእናት መስመሩ ምርመራ የሚሠራው ከእሷ እስከ ተመርማሪው ያለው ሐረግ ሳይቋረጥ በሴት ልጅ ከወረደ ብቻ ነው፤ መሐል ላይ አንድ ወንድ ከገባ ገንዘቡ ባክኗል።