ስብርባሪዋን ፍሬሙን ሳይነካ ላወጣልኝ ባለሙያ፣ ምስጋናዬ ይድረስህ

ፒያኖ ያላችሁ ይቺን አንብቡልኝ።

ግራንድ ፒያኖዬ መሀል አካባቢ አንዱ ድምፅ "ጧ" አለና ጠፋ። ክር የተበጠሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የተሰበረችው አግራፏ ናት። አግራፍ ማለት ክሮቹ በቀዳዳዎቿ የሚያልፉባት፣ የፒያኖው የብረት ፍሬም ላይ እንደ ቪቴ የምትታሰር ትንሽ የናስ ቁራጭ ነች። አናቷ እጄ ላይ ቀረ፤ ግንዷ ግን ብረቱ ውስጥ ተቀብሯል።

መጀመሪያ ያየው ሰው "በትልቅ ፑንታ በስተን አዲሷን በማጣበቂያ እንተክላለን" አለኝ። አንዱ ክር ብቻ ወደ 70 ኪሎ ይወጠራል፣ እዚያ ጋ ደግሞ ሦስት ክር አለ። ማጣበቂያ? አመስግኜ ሸኘሁት።

ሁለተኛው ትራፓኖ ከማንሳቱ በፊት ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየ። ክሮቹን ቀስ በቀስ አላልቶ ዙሪያውን በጨርቅ ሸፈነ። "ናስ ማግኔት አይስበውም፣ ብናኙ ከገባ መልቀሙ መከራ ነው" አለኝ። ከዚያ ግንዷን መሀሏ ላይ ነጥብ መታባትና ወደ ግራ በሚዞር ቀጭን ፑንታ መሰርሰር ጀመረ። እንዲህ ያለ ፑንታ መኖሩን ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ቪቴ የሚፈታው ወደ ግራ ስለሆነ፣ ፑንታው ናሱን ከነከሰ እየበሳም ሊፈታው ይችላል።

አልወጣችም። የቪቴ ማውጫውን አስገብቶ ትንሽ ሞከረና ጠንከር ሲልበት እጁን ሰበሰበ። ማውጫው ቀዳዳው ውስጥ ቢሰበር ከናሱ የባሰ ጣጣ ነው። በስንጥር ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘይት ብቻ ነካ አደረገባት፤ ዘይቱ የክር መወጠሪያ ካስማዎቹ ወደተተከሉበት እንጨት ከፈሰሰ ካስማዎቹ መያዝ ይተዋሉ አለኝ። "በቃ ነገ" ብሎ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር።

በማግስቱ በቀስታ ሲያዞራት ተፈትታ ወጣች። ፍሬሙ ውስጥ ያለው የቪቴ ጥርስ እንደነበረ ነው! አሮጌዋን ለክቶ ልኳን አመጣ፤ ስትጠብቅ ቀዳዳዎቿ በትክክል ወደ ክሮቹ እንዲዞሩም ከሥሯ ስስ ሮንዴላ አደረገ። ላልቶ እንደገና የተወጠረ ክር ከቃኙ ስለሚወርድ ሳልጠራው ሁለቴ ተመልሶ ቃኝቶልኛል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስሙን እዚህ መጻፍ አልወደደም፤ ለምትፈልጉ እሱን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር ስልኩን እልክላችኋለሁ። ብቻ በአንድ ቀን ይለቅልኛል ብላችሁ አትጥሩት።