ለወንድሜ ኩላሊት የገዛሁት የስቴም ሴል ዱቄት

ዓምና ሐምሌ ላይ ለታናሽ ወንድሜ ሁለት ፓኬት የስቴም ሴል ዱቄት ገዛሁ። ስቴም ሴል ማለት ተባዝቶ ሌላ ዓይነት ህዋስ መሆን የሚችል መነሻ ህዋስ ነው። አንዱ ፓኬት 14 ሳሼ አለው። ዋጋው 12,500 ብር ነበር። ወንድሜ በተኛበት ሆስፒታል ይህ ብር ያኔ አራት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያስደርግ ነበር። ስለ ዱቄቱ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ የማውቀውን እዚህ እጽፋለሁ። ስሙን አልጠራም። ተመሳሳይ ነገር በብዙ ስም ይሸጣል፤ አንዱን ብጠራ ሌላውን ደህና ነው ያልኩ ይመስላል።

መጀመሪያ ሕመሙን ልናገር። ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የአፋርን ሙቀት ያየ ያውቀዋል። ሚሌ አካባቢ ተቅማጥ ያዘው። ሁለት ቀን ሲያስቀምጠው መኪናውን አላቆመም። ወገቡንም ስለሚያመው በላዩ ላይ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይውጥ ነበር፤ ጠዋትና ማታ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ። አዲስ አበባ ሲገባ ፊቱ አብጧል። ሽንት ከሸና ሁለት ቀን አልፎታል። ሲመረመር ክሬቲኒኑ፣ ማለትም ኩላሊት ሳያጣራው ሲቀር ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ 11.2 ሆኖ ተገኘ። ሲበዛ ልብን የሚጎዳው ፖታሲየምም ከፍ ብሏል። በዚያው ሌሊት አንገቱ ላይ ቱቦ ገባለትና እጥበት ተጀመረ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስጨነቅ እጽፋለሁ። ደብተር ገዝቼ ሁሉንም አሰፈርኩ፦ የጠጣውን ውኃ፣ የሸናውን ሽንት፣ ክሬቲኒኑን፣ የደም ግፊቱን፣ የከፈልነውን ብር። ሽንቱን የምንለካው በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነበር። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩበት። ይህን ደብተር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በሰባተኛው ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከአንዲት ሴት ጋር አገናኘችኝ። ሴትየዋ በጣም ትሁት ናት። ሆስፒታል ድረስ መጣች፤ ሙዝና ብርቱካንም ይዛ ነበር። ነርሷ ፖታሲየም አለበት ብላ ፍራፍሬውን መለሰችው። ሴትየዋ ኮሪደር ላይ ወሰደችኝና "እህቴ፣ ዲያሊሲስ (እጥበቱ) ማሽን ላይ ማሰር ነው እንጂ አያድንም። ይሄ ግን የሞተውን ኩላሊት እንደ አዲስ ይሠራል" አለችኝ። ቅዳሜ ዕለት አንድ አዳራሽ ጠራችኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ስለ ስቴም ሴል አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳ። በመጨረሻ አባል ለመሆን ሁለት ሰው ማምጣት እንዳለብን ተነገረን። አባል አልሆንኩም፤ ግን ገዛሁ። እናቴ እያለቀሰች ነበር። በዚያ ሰዓት ሌላ ነገርም ቢሸጡልኝ እገዛ ነበር።

ስለ ዱቄቱ ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። ማሸጊያው ያምራል፤ ላዩ ላይ አፕልና ወይን ተሥሏል። ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ምላስ ሥር ይደረግና ይሟሟል። ጣዕሙ ኮምጠጥ ያለ ጣፋጭ ነው፤ ወንድሜ ወዶታል። በቀን ሁለት ሳሼ እየወሰደ በሳምንት አንዱን ፓኬት ጨረሰ።

በ13ኛው ቀን ሃይላንዱ ሞላ። በ16ኛው ቀን ሦስት ሃይላንድ ሸና። ከስድስት እጥበት በኋላ ሐኪሙ "ከእንግዲህ አያስፈልገውም" ብሎ ቱቦውን አወጣለት። ከሁለት ወር በኋላ ክሬቲኒኑ 1.2 ገባ። ቤታችን በእልልታ ቀለጠ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ "ዱቄቱ ነው" አልኩ። ከልቤ አምኜ ነው ያልኩት።

በሰፈራችን ስኳር ለብዙ ዓመት የያዛቸው አንዲት እናት አሉ። ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ይታጠባሉ። የተረፈውን ፓኬት ወስጄ ሰጠኋቸው፤ የወንድሜንም ታሪክ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ አንቺ ካልሽማ" አሉኝ። እጥበቱን ትተው ዱቄቱን ያዙ። በስድስተኛው ቀን ሌሊት ትንፋሽ አጠራቸው። ውኃ ሳንባቸው ውስጥ ሞልቶ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ገብተው፣ በኦክስጅንና በአስቸኳይ እጥበት ተረፉ። ልጃቸው አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። እንዲያውም ያ ባሰብኝ።

በነጋታው ደብተሬን ይዤ ወንድሜን የተከታተለው የኩላሊት ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። "ዱቄቱን መቼ ጀመረ?" አለኝ። "በ11ኛው ቀን ማታ" አልኩት። "እሺ፣ ሽንቱ መቼ መምጣት ጀመረ?" በራሴ እጅ የጻፍኩት እዚያው ነበር። 8ኛው ቀን 60 ሚሊ ሊትር። 9ኛው ቀን 150። 10ኛው ቀን 280። 11ኛው ቀን 390። ያን ሰሞን ትንሽ ስለነበረ ልብ አላልኩትም። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው። ኩላሊቱ መንቃት የጀመረው ፓኬቱ ሳይከፈት ነው።

ከዚያ ሐኪሙ እንዲህ አስረዳኝ። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ኔፍሮን ይባላሉ። ሰው ከተወለደ በኋላ አዲስ ኔፍሮን አያበቅልም። ነገር ግን ኔፍሮኑ ሳይጠፋ የውስጥ ቱቦው ብቻ ከተጎዳ፣ ከጉዳቱ የተረፉት ህዋሶች ተባዝተው የተራቆተውን ግድግዳ መልሰው ይሸፍናሉ። የወንድሜ ጉዳት እንዲህ ያለው ነበር፤ ፈሳሽ ማጣቱና ዳይክሎፌናኩ ተደርበው ያመጡት። "ባህር ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው ደህና ከሆነ ያቆጠቁጥ የለ? እንደዚያ ነው። እጥበቱ እስኪያቆጠቁጥ ድረስ በሕይወት አቆየው" አለኝ። የጎረቤቴ ኩላሊት ግን በስኳር ዓመታት ሙሉ ሲጎዳ የኖረ ነው። ኔፍሮኖቹ ወደ ጠባሳ ተለውጠዋል። ጉቶው ራሱ የለም። እኔ የሁለቱን ሕመም አንድ አድርጌ ነው ፓኬቱን ያቀበልኳቸው።

"ታዲያ ስቴም ሴል ውሸት ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። አይደለም አለኝ። ከአጥንት መቅኔ የሚገኘው ደም የሚሠራ ስቴም ሴል የደም ካንሰር ላለባቸው ሰዎች ለብዙ አስርት ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። ስለ ኩላሊትም እውነተኛ ምርምር አለ። ለረጅም ጊዜ አንዳንድ ተመራማሪዎች የተጎዳውን ኩላሊት የሚጠግነው ከመቅኔ ተነሥቶ የሚመጣ ስቴም ሴል ነው ብለው ይገምቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የአይጥ ኩላሊት ህዋሶች ላይ ምልክት አድርገው ተከታተሉ። ጠጋኞቹ እዚያው የነበሩት የቱቦው ህዋሶች ሆነው ተገኙ። ከመቅኔ የሚወሰዱት ህዋሶች እንስሳት ላይ ጥሩ ውጤት ሲያሳዩም፣ ኩላሊት ሆነው ሳይሆን በሚያመነጩት ነገር ብግነቱን እያበረዱ ይመስላል። ከዚያ በሰው ላይ ተሞከረ። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኩላሊታቸው የተጎዳ 156 ሕመምተኞች ተሳተፉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ስቴም ሴል የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው ፈጥነው አላገገሙም። ይህን ሳነብ አዘንኩ። ቢሠራ ደስ ባለኝ ነበር።

በሙከራው የተሰጠው ደግሞ ሕያው ህዋስ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ተባዝቶ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተቀዝቅዞ ይቀመጣል፤ በሐኪም ቁጥጥር በደም ሥር ይሰጣል። የእኛ ሳሼ ኩሽና መደርደሪያ ላይ የኖረ የአፕል ዱቄት ነው። የተክል ህዋስ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ሆድ ገብቶ እንደማንኛውም ምግብ ይፈጫል። የሰው ኩላሊት የሚሆንበት መንገድ የለውም።

ውጭ አገር ሄደን በመርፌ እናስወጋ የምትሉም አላችሁ። ከእኛ አገር ለሕክምና ባንኮክ የሚሄድ ሰው ብዙ ስለሆነ ይህን ልንገራችሁ። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም) ኩላሊቷን የጎዳባት አንዲት ሴት ባንኮክ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የራሷን ስቴም ሴል ኩላሊቷ ላይ ተወግታ ነበር። በተወጋችበት ቦታ እንግዳ እብጠት በቀለ። ኩላሊቷ ወጣ፤ ቆይቶም ሞተች። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2010 በሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት።

ስለ ሻጮቹ አገልግሎት ከጠየቃችሁኝ፣ እስኪሸጡ ድረስ ጎበዞች ናቸው። በቀን ሦስቴ ይደውላሉ። የጎረቤቴን ነገር ስነግራት ሴትየዋ "እኔ እጥበት አቋርጡ አላልኩም" አለች። ገንዘቤን ስጠይቅ ደረሰኝ አምጪ ተባልኩ። ደረሰኝ ደግሞ አልተሰጠኝም። ያኔ ነው ፓኬቱን በደንብ ያየሁት። ከታች በጣም በደቃቁ፣ ምርቱ በሽታን ለመመርመርም ሆነ ለማከም የታሰበ አይደለም ይላል። አዳራሹ ውስጥ ይህን ያነበበልን የለም።

ኩላሊቱ በድንገት ለተጎዳ ሰው ገንዘባችሁን የት ታውሉታላችሁ ብትሉኝ፣ በእጥበቱና በምርመራው ላይ እላለሁ። ሽንቱን ለኩ፤ ሃይላንድ ይበቃል። የትኛውንም ማስታገሻ ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡት። ሕመሙ ሥር የሰደደ ከሆነ ደግሞ ስለ ንቅለ ተከላ በጊዜ ጠይቁ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አገር ውስጥ ኩላሊት ነቅሎ መትከል ጀምሯል፤ ኩላሊቱን የሚሰጠው ዘመድ ነው። ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል። በአዳራሽ ያጠፋሁትን ቅዳሜ ለዚህ ባዋልኩት።

ወንድሜ ወደ መንገዱ ተመልሷል። ጋቢናው ውስጥ ዳይክሎፌናክ የለም፤ ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ለምለምና አንድ ጀሪካን ውኃ አለ። ጎረቤቴን ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ እጥበት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ከሰጠኋቸው ፓኬት ሁለት ሳሼ ተርፎ መልሰውልኛል፤ ደብተሩ ውስጥ ነው ያለው። ዱቄቱን ልትገዙ ያሰባችሁ ጻፉልኝ። የ8ኛውን ቀን ገጽ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።