ባለ 30 ሜትሩ የኔትወርክ ኬብል፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ራውተሩ ሳሎን ነው፣ የምሠራበት ኮምፒውተር ደግሞ በቤቱ ሌላኛው ጫፍ። መሀል ላይ ሁለት ወፍራም ግድግዳ አለ። ዋይፋዩ እዚያ የሚደርሰው ተዳክሞ ስለሆነ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ድምፅ መቆራረጡ የዘወትር ነገር ነበር። 30 ሜትር ክብ ካት 6 ኬብል (ካት የኔትወርክ ኬብል ደረጃ ነው) ገዝቼ በግድግዳው ሥር ዘረጋሁት። ለቴሌቪዥኑ ደግሞ በበር ሥር የሚያልፍ 20 ሜትር ጠፍጣፋ ኬብል ጨመርኩ። ሁለቱም አሁን ወራት አስቆጥረዋል፣ ግን እኩል አላረጁም።

በመጀመሪያ ስለ ርዝመቱ። «ገመድ ሲረዝም ኢንተርኔት ይዘገያል» የሚል ሰው አይጠፋም። በአንድ ቤት ውስጥ በሚዘረጋ ርዝመት ይህ ስጋት መሠረት የለውም። የኢተርኔት (በገመድ የሚሠራ ኔትወርክ) መስፈርት ለመዳብ ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር ይፈቅዳል፤ ካት 5ኢ እንኳ በዚያ ርቀት 1 ጊጋቢት ይሸከማል። ምልክቱ አንድ ሜትር ለማቋረጥ 5 ናኖሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፣ ስለዚህ 30 ሜትር የሚያስከትለው መዘግየት 150 ናኖሰከንድ ያህል ነው። ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው፤ አንድ ሚሊሰከንድ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ናኖሰከንድ ነው። ላፕቶፑን በአጭር ገመድ ራውተሩ አጠገብ፣ ከዚያም በረጅሙ ሰክቼ አነጻጽሬያለሁ፤ ልዩነት አላየሁም። ርዝመት የሚያሳስበው 10 ጊጋቢት የሚፈልገውን ነው፤ ካት 6 ያን ፍጥነት የሚይዘው እስከ 55 ሜትር ድረስ ስለሆነ ከዚያ በላይ ካት 6ኤ ያስፈልጋል። ለአብዛኛው ቤት ይህ ትርፍ ወጪ ነው።

ረጅም ገመድን የሚጎዳው የሚያልፍበት መንገድ ነው። ጠፍጣፋው ኬብል በሩ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ይጨፈለቃል። ቴሌቪዥኑ መሥራቱን አላቆመም፣ ነገሩን ስውር ያደረገውም ይኸው ነው። ያንኑ ኬብል ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ግን የግንኙነቱ ፍጥነት 1000 መሆኑ ቀርቶ 100 ሜጋቢት ይላል። ኬብሉ ውስጥ አራት ጥንድ ሽቦ አለ። ጊጋቢት አራቱንም ይፈልጋል፣ ለ100 ሜጋቢት ግን ሁለት ጥንድ ይበቃል፤ ስለዚህ ከቀሩት ሁለት ጥንዶች አንድ ሽቦ ሲበጠስ መስመሩ ሳይቋረጥ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ፍጥነቱ የቀነሰበት ሰው የኢንተርኔት አቅራቢውን ከመውቀሱ በፊት የኮምፒውተሩን የኔትወርክ ቅንብር ከፍቶ ይህን ቁጥር ቢያይ ጥሩ ነው።

ሌላው የሽቦው ዓይነት ነው። ገበያ ላይ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ብዙ አለ፣ ቀላልና ርካሽ። ኤሌክትሪክን እንደ ንጹሕ መዳብ በቀላሉ አያሳልፍም፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። በኔትወርኩ ገመድ በኩል ኃይል ለሚያገኝ ካሜራ ጭራሽ አይሆንም፣ ይሞቃል። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው።

ክቡ ኬብል እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ደንዳና ነው፣ ማዕዘን ላይ አልታጠፍም ብሎ ያስቸግራል። በግድ ማጠፍም አይገባም፤ የመታጠፊያው ራዲየስ ከኬብሉ ውፍረት አራት እጥፍ ማነስ የለበትም። የመሰኪያው የፕላስቲክ ምላስ ደካማ ነው፣ ከተሰበረ ገመዱ ሲነካ ይወልቃል፤ ምላሱን የሚሸፍን ጎማ ያለውን ምረጡ። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ጎን ለጎን አላስኬድኩትም፣ መሻገር ባለበት ቦታ በ90 ዲግሪ ማዕዘን አሻግሬዋለሁ። የተረፈውን ሜትር ከመደርደሪያ ኋላ ላላ አድርጌ ጠቅልዬዋለሁ፣ ምንም አልጎዳውም።

ኢንተርኔታቸው በስልክ መስመር ለሚገባ አንድ ነገር ልጨምር፦ ራውተሩን ወደ ሥራ ክፍል ለማምጣት ብላችሁ የስልኩን ሽቦ አታስረዝሙ። እዚያ መስመር ላይ ርዝመትና ደካማ መገጣጠሚያ በእርግጥ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ራውተሩ ስልኩ ከሚገባበት ቦታ ሳይርቅ፣ የሚረዝመው የኔትወርክ ኬብሉ ይሁን።

ክቡን ነገም እገዛዋለሁ። ጠፍጣፋውን አንስቼ በኮርኒሱ ሥር ሌላ ክብ ኬብል ላሳልፍ ነው።